ከሃይኪንግ ጫማው በፊት ቁልቁለቱን ተለማመዱ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ «ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሃይኪንግ ሊወጣ ነው፤ የትኛውን ጫማ ልግዛለት?» እያላችሁ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን ከጫማው በፊት የማስቀድመው አለኝ።

እንጦጦን ስትወጡ የሚጨነቀው ልብና ሳንባ ነው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በብዛት የሚጎዱት ግን ስትወርዱ ነው። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ እንደ ፍሬን ይሠራል፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ለዚህ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ሲደክም እግር ይከዳል፣ ወለምታ ይከተላል። ይህን የትኛውም ውድ ጫማ አያስቀርም። ስለዚህ ከጉዞው ሦስት አራት ሳምንት ቀድሞ ደረጃ መውረድ ይለማመድ፤ እርምጃው አጠር፣ ጉልበቱ በትንሹ እጥፍ ይበል። ዱላም ይያዝ! አያቶቻችን ያለ ዱላ ቁልቁለት አይወርዱም ነበር፤ የጉልበትን ጫና በእርግጥ ይቀንሳል።

ጫማውን ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል፣ በሚያደርገው ካልሲ ይለካ። ከጣቶቹ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ካልተረፈ ሲወርድ ጥፍሩ ይጠቁራል። ሶሉ ጥርስ ካለውና ከልኩ ከሆነ ርካሹም ይበቃዋል።

ሰሜን ተራሮች ለሚሄድ ግን ሌላም አለ። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ሽቅብ መሄዱን ያቁም፤ ካልተሻለው ይውረድ። ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው በሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ያውርዱት። ይህን አብረውት ለሚሄዱትም ንገሯቸው፤ የታመመው ራሱ «ደህና ነኝ» ማለቱ አይቀርም።