የሻህ ባኖ ቀለብ

በዚህ ዓመት በክርክር ክበባችን «ልዩ ልዩ ሃይማኖት ባለበት አገር የቤተ ሰብ ሕግ አንድ መሆን ይገባዋልን፤ ወይስ ለየሃይማኖቱ መተው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። እኔ «አንድ ይሁን» ከሚሉት ወገን ቆሜ ተከራከርሁ፤ ወገናችንም ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ነገር ግን ያን ቀን ሁላችንም የተናገርነው ስለ ሕግና ስለ ሃይማኖት ብቻ ስለ ነበረ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ስለሚጠይቀው ሰው አንድም ቃል አላነሣንም። ከዚያ በኋላ የሕንድን ነገር ሳነብ አሳቤ ስለ ተለወጠ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሕንድ በእንግሊዝ እጅ ሳለች፣ በ1772 የቤንጋል ገዥ የነበረው ዋረን ሄስቲንግስ ባወጣው ደንብ፣ በጋብቻና በውርስ ነገር ሂንዱው በሻስትራው፣ ሙስሊሙም በቁርዓኑ እንዲዳኝ ተደረገ። አገሪቱ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላም ይኸው አከፋፈል አልቀረም። በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ፣ መንግሥት ለዜጎች ሁሉ አንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማስገኘት ይጣር ይላል፤ ሆኖም ይህ መመሪያ ነው እንጂ ዳኛ የሚያስፈጽመው ትእዛዝ አይደለም። ነገር ግን በወንጀል ሥነ ሥርዓቱ ሕግ ውስጥ ሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ድንጋጌ ነበረ፤ ይኸውም ሀብት ያለው ሰው ራሷን መርዳት የማትችለውን ሚስቱን፣ የፈታትንም ቢሆን፣ ቀለብ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነው።

ወይዘሮ ሻህ ባኖ የኢንዶር ከተማ ሰው ናቸው። በ1932 አንድ ጠበቃ አግብተው አምስት ልጆች ወለዱ። ከአርባ ሦስት ዓመት ትዳር በኋላ፣ በ1975፣ ባላቸው ከቤት አስወጣቸው። በ1978 በወር 500 ሩፒ ቀለብ እንዲቆረጥላቸው ቢከሱ፣ ባልየው በዚያው ዓመት ፈታቸውና «ከእንግዲህ ሚስቴ አይደለችም፤ ቀለብም የለብኝም» አለ። ገቢው በዓመት እስከ 60,000 ሩፒ ይደርሳል ይባል ነበር። የመጀመሪያው ዳኛ የፈረደላቸው በወር 25 ሩፒ ነው። አስቡት፤ ከባልየው የወር ገቢ ከሁለት መቶ አንድ እጅ መሆኑ ነው! በይግባኝ ወደ 179 ሩፒ ከ20 ፓይሳ ከፍ አለ፤ ባልየው ግን ይህንም እንቢ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ።

በሚያዝያ 1985 አምስት ዳኞች ለወይዘሮዋ ፈረዱ። እኔ እንደሚመስለኝ ዳኞቹ ቀለቡን አጽንተው ቢያቆሙ መልካም ነበር። እነርሱ ግን ቁርዓንን ለመተርጎም ተነሡ፤ ስለ 44ኛው አንቀጽ መዘግየትም መንግሥትን ወቀሱ። ወዲያው ነገሩ የሁለት ወገን ጠብ ሆነ። አንዱ ወገን ሃይማኖታችን ተነካ ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ ሌላውም ሙስሊሞችን ለመውቀስ ምክንያት አገኘ። የሰባ ዓመት ያህል ሴት በመካከል ቀሩ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሻህ ባኖ ራሳቸው ፍርዱን እንደማይቀበሉ በግልጽ ደብዳቤ አስታወቁ። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሰልፈኛው ሁሉ በዙሪያዋ ቆሞ እያየ አንዲት አሮጊት «እሺ» ብትል ፈቃድ ይባላልን?

በ1986 የራጂቭ ጋንዲ መንግሥት የባልን ግዴታ በኢዳው ዘመን፣ ማለት በሦስት ወር ገደማ፣ የሚወስን የሚመስል ሕግ አወጣ። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንኑ ሕግ ሲተረጉም፣ ባል በኢዳው ውስጥ ለሴቲቱ የወደፊት ኑሮ የሚበቃውን ይስጥ አለ። ወይዘሮ ሻህ ባኖ ግን በ1992 ሞተው ነበር። በ2017 ደግሞ በአንድ ጊዜ ሦስቴ «ፈትቼሻለሁ» ብሎ ማሰናበት ተሻረ፤ በ2019 የወጣው ሕግም እንዲህ ያደረገውን ባል እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል። (እስር ቤት የገባ ባል ቀለቡን ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል አልገባኝም።)

አገራችን ቅኝ ባትገዛም ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁሉም አንድ ሕግ አደርጋለሁ ብሎ ልማዱን ሽሮ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደ ሽማግሌውና ወደ ቃዲው መሄዱን አልተወም። የ1995 ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ እኔም ዛሬ ከክርክሩ ቀን ይልቅ ወደዚህ እጠጋለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው «ከፈቀዱ» በምትለው ቃል ላይ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች ሙሽራ፣ አባቷ፣ የባሏ አባትና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲያዩዋት «አልፈቅድም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይበቃታል?

ስለዚህ ማንኛዋም ሴት ፈቃዷን ከመስጠቷ በፊት ዳኛው ለብቻዋ ይጥራት፤ ባልም ሽማግሌም በሌለበት፣ በምትናገረው ቋንቋ፣ በዚህ ሕግ ብትዳኚ ይህን ታገኛለሽ፣ በዚያኛው ደግሞ ይህን ብሎ በብር ቈጥሮ ይንገራት። የምታስብበትም ጥቂት ቀን ይስጣት። በሚመጣው ዓመት የክርክር ክበባችን ጥያቄውን እንደገና የሚያቀርበው ከሆነ፣ ከዚህ ቢጀመር እወዳለሁ።