ተራርቀው ለሚሠሩ ሰዎች

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘው ነበር። ያን ጊዜ እንዳየነው፥ ሥራውን ያስቸገረው ከርቀቱ ይልቅ ጥርጣሬው ነው። አለቃው የማያየውን ሠራተኛ ተኝቶ ይሆናል ይላል፤ ሠራተኛውም መልስ ሲዘገይበት ተቀይመውኛል ብሎ ያዝናል። በመሥሪያ ቤት ሳሉ ይህን ሁሉ አንድ ስኒ ቡና ያበርደው ነበር።

ስለዚህ አለቃ በየሰዓቱ እየደወለ ከሚቈጣጠር፥ የሚፈልገውን ሥራና የሚያልቅበትን ቀን ለይቶ ቢነግር ይሻላል። በስልክ ሲገናኙም አስቀድሞ የቤተ ሰቡን ደኅንነት ይጠይቅ፤ ይህ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ፥ እኛ ግን አይመስለንም። መብራት የጠፋበት ሠራተኛም እንደ መጣለት ወዲያው ያስታውቅ። በቤት ያሉትም፥ ቤት ውሏልና ሥራ የለውም ብለው በሥራ ሰዓት ወደ ገበያ አይላኩት።