የማይለወጠውን ለማሽኑ፣ ሚዛኑን ለሰው

ከመቂና ከባቱ አዳማ የሚገባውን ሽንኩርት የሚመዘግብ ጸሐፊ የከተማውን፣ የዕቃውንና የነጋዴውን ስም በየመስመሩ እየደጋገመ ይጽፋል። በደብተር ይጽፈው የነበረውን በኮምፒዩተርም እንዲሁ ከጻፈ፣ ማሽኑ መገዛቱ ምን ፈየደ? ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ማይክሮሶፍት አክሰስ ከላይኛው መስመር መገልበጥ ያውቃል፤ ‹‹ኮንትሮል››ን ይዞ የነጠላ ጥቅስ ምልክቱን መጫን ይበቃል። የከተማው ስምም ራሱ እንዲሞላ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል።

ክብደትና ዋጋ ግን በፍጹም አይገለበጡ! ማሽን ስህተትንም ሳይታክት ይደግማል። የአንዱ ገበሬ 8 ኩንታል በሌላው ስም ከገባ የሚከተለው ጭቅጭቅ ነው።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ሥራው ቀለለ ብላችሁ ጸሐፊውን አታሰናብቱ። በተረፈው ሰዓት መዝገቡን ከሚዛን ወረቀቱ ጋር ያመሳክር፤ ትርፉ እዚያ ነው።