ሁለት ብስክሌት፣ አንድ ሌሊት

ልጄ 10ኛ ክፍል ከገባ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚያወራው በሁለት ቃል ነበር፤ «እሺ» እና «ምንም»። እናቱ «ተወው፣ ዕድሜው ነው» ትለኛለች። ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ባሕር ዳር አያቱ ቤት ስንሄድ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ እኔም ያደግሁት ብስክሌት ላይ ነው። «ዘጌ ድረስ በብስክሌት ሄደን ገዳም እንደር?» አልኩት። «እሺ» አለ።

ብዙ ሰው ወደ ዘጌ የሚሻገረው በጀልባ ነው። በየብስ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ማልደን ተነሣን። መጀመሪያ ላይ እየቀደምኩት ጎበዝ መስዬ ነበር፤ ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ትንፋሼ አጠረ፣ ቀጥሎም የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታ በሌለበት ቆሜ ስቆጣ ልጄ ቦርሳውን ፈታ። ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ይዟል። በደቂቃዎች ቀየረው።

«ይህን መቻልህን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝም።»

የቀረውን መንገድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን።

ዘጌ ጫካው ቡና ነው። አቡነ በትረ ማርያም እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ አዘዋል ይባላል፤ ዛፉ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይተን ስንጨርስ ለማደር ፈቃድ ጠየቅን። አንድ አባት መታወቂያዬን ካዩ በኋላ ወደ ልጄ ዞሩ፤ «አንተስ ወደህ ነው ወይስ ተጎትተህ?» «አባቴ ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ ነው» አላቸው። ሳቁ።

እንጀራ በሽሮ በልተን ሰሌን ላይ ጋደም አልን። ስልኮቻችንን አጥፍተናል፤ መብራት የለም። ጨለማው ውስጥ ልጄ ድንገት «አባዬ፣ 11ኛ ክፍል ስገባ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የምመርጠው» አለ። እኔ መሐንዲስ እንዲሆን እንደምፈልግ ያውቃል። መልሴ አፌ ላይ ነበር። የጎማው ነገር ትዝ ሲለኝ ዋጥኩትና «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አወራ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደወል ሲደወል ገና አልተኛንም ነበር።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ካሰባችሁ ከዝናቡ ወራት ውጪ ይሁን፤ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ። መታወቂያ፣ ነጠላ፣ ባትሪና ወፍራም ልብስ ያዙ። ለገዳሙ ጧፍና ዕጣን ብትወስዱ መልካም ነው። እናቶችና ሴት ልጆች አብረው ከሄዱ የትኛው ገዳም እንደሚያስገባ ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ እዚያው ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ሴቶችን አያስገባም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

በማኅበራዊ ሳይንሱ ነገር ገና አልተስማማንም። ግን እያወራን ነው። በየቅዳሜውም ጎማ የሚነፋልኝ እሱ ነው።