ግዴታ ያለ መብት፣ መብት ያለ ግዴታ

የኢትዮጵያ ገበሬ ግዴታን አሳምሮ ያውቃል። ግብር ከፍሏል፤ ዘምቷል፤ ያመረተውን ለባለ መሬት አካፍሏል። የጐደለው መብቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብት ሰጠ ተባለ፤ የሕዝብ እንደራሴዎችም ተመረጡ። ነገር ግን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመወዳደር ሀብት ያስፈልግ ነበር፤ ሚኒስትሮችን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ያገኘው ካርድ እንጂ ሥልጣን አልነበረም።

እዚህ ክሪስታል ነገሩ ተገልብጦ እናየዋለን። የአገሩን ዜግነት ያገኘ ወገናችን መብቱ በእጁ ነው። የሚኒሶታ ሕግ ከ1974 (እ.አ.አ.) ምርጫ ጀምሮ በዕለቱ ተመዝግቦ መምረጥን ይፈቅዳል፤ ማንበብ የሚቸግረውም ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ሆኖም ፓስፖርቱን ለጉዞ ብቻ የሚይዝ ወገን አለ። ፕሬዚዳንት መርጦ ከንቲባውንና የከተማውን ምክር ቤት አባላት ሳይመርጥ የሚወጣም አለ። የሚከፍለውን የከተማ ግብርና የሰፈሩን መንገድ ጉዳይ የሚወስኑት ግን እነርሱ ናቸው።

ዜግነት የሌለው ተማሪ አይመርጥም፤ ሕግ ይከለክለዋል። ቢሆንም የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሁሉም ክፍት ነው። ገብቶ ያዳምጥ፤ አሠራሩን ይማር፤ ለወገኑ ያስረዳ።

በአገር ቤት በ1987 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥን መብት ደንግጓል። ድንጋጌ በሥራ የሚተረጐመው ግን መራጩ እንደራሴውን ከምርጫ በኋላም ሲጠይቅ፣ ጠያቂውም ሳይታሰር ሲያድር ነው።

መብቱን የማይጠይቅ ገባር ነው፤ ግዴታውን የማይወጣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። እኛ ሁለቱንም እንድንሆን አንፈቅድም!