የቆሽት ዕጢ ዓይነቱ ይለያያል፤ ለእኛም ይመለከተናል



ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ቆሽት ራሱ ሲታመም ግን ስሙን የሚጠራው የለም። እዚህ ሰርዶም ሆነ ሌላ ቦታ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የከሳ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ይታለፋል። ብዙውን ጊዜ ጉበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን የቆሽት ራስ ላይ ያደገ ዕጢ የሐሞት መውረጃውን ዘግቶት ነው።

«የዕጢ ዓይነት በጂን መለየት ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም።

ክፍል ውስጥ የተማራችሁትን አስታውሱ። የቆሽት ሴልም የቆዳ ሴልም የያዙት ጂን አንድ ነው፤ ልዩነቱ የቱ በርቷል፣ የቱ ጠፍቷል የሚለው ነው። የሚያበሩትና የሚያጠፉት የጂን ተቆጣጣሪዎች ናቸው። በቆሽት ካንሰር ኬራስ የተባለው ጂን ከ10 ሕሙማን በ9ኙ ገደማ ተለውጦ ይገኛል። ሁሉም ጋ ካለ ታዲያ አንዱን ዕጢ ከሌላው እንዴት ይለያል?

ለመለየት የሚረዳው ተቆጣጣሪው ነው። ጋታ-6 የተባለው ፕሮቲን በደንብ የሚታይበት ዕጢ «ክላሲካል» ይባላል፤ የቆሽት ጠባዩን ጨርሶ አልጣለም። ጋታ-6 የቀነሰበት «ቤዛል መሰል» ዕጢ ግን የከፋ ነው። በካናዳ የተካሄደው ኮምፓስ የተባለው ጥናት እንዳሳየው፣ ፎልፊሪኖክስ ለተባለው የኬሞቴራፒ ጥምርም እምብዛም አይበገርም።

ይሄ ለሰርዶ ሰው ምኑ ነው? ግመሉን ሸጦ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ቤተሰብ አስቡ። «ሕክምናው ይጠቅመዋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በግምት ብቻ ሊመለስለት አይገባም። እርግጥ ምልክቱ ፍርድ አይደለም። የሚናገረው ስለ ብዙ ሕሙማን እንጂ ስለ አንድ ሰው ዕድሜ አይደለም፤ በዓለምም ገና በየሆስፒታሉ የዕለት ሥራ አልሆነም። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ደግሞ ጋታ-6ን ለማየት የግድ ውድ የጂን ማሽን አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ፓቶሎጂስቶች ለጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ የሚያዩበት የማቅለም ዘዴ ለዚህም ይሠራል፤ ማቅለሚያውን ማግኘት ነው። ትልቁ ችግር ናሙናው ነው። ካንሰሩ ጉበት ላይ ከተዛመተ በአልትራሳውንድ እያዩ በመርፌ ቁራጭ መውሰድ ይቻላል። ያ ቁራጭ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ግን፣ 40 ዲግሪ በሚያልፈው በእኛ ሙቀት ለምንም አይሆንም።

ሌላም አለ። ይህን አከፋፈል ያወጡት ዋና ዋና ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ነው። እኛ ጋ የትኛው ዓይነት እንደሚበዛ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚነግረን የለም፤ የራሳችንን ናሙና ካላስቀመጥን አናውቀውም።

ስለዚህ ዱብቲም ሰመራም ላብራቶሪ ውስጥ ያላችሁ ልጆቼ፣ የተወሰደ ቁራጭ አይጣል። ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ በደንብ ይጻፍበት፣ ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር ይላክ። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ሰው ሳያመው ዓይኑ ቢጫ ከሆነና ከከሳ «የወፍ በሽታ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ሆስፒታል ውሰዱት።

እስቲ ሐኪሞች፣ የምትጨምሩት ካለ ጻፉልኝ።