ልጅዎ «የሚበራ ጎራዴ ልሥራ» ብትልዎት

ልጆች በጨዋታ አማካይነት የአዋቂዎችን ሥራ እንደሚለማመዱ ማንኛዋም እናት የምታውቀው ነው። ሽቦ አጣጥፎ መኪና፣ ቆርኪ ጠፍጥፎ ጎማ፣ ካልሲ በጨርቅ ሞልቶ ኳስ ሳይሠራ ያደገ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። የዛሬ ልጆች ጨዋታ ደግሞ ከሽቦና ከጨርቅ አልፎ ወደ መብራትና ወደ ድምፅ ተሸጋግሯል። በዚህ ሳምንት ዓምዳችን የምናነሣውም ይኸንኑ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

በአዲስ ከተማ፣ ሰባተኛ አካባቢ የሚኖሩና በመርካቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የሚተዳደሩ አንዲት ወይዘሮ ጥያቄ አቅርበውልናል። የ13 ዓመት ሴት ልጃቸው ለትምህርት ቤቷ የዓመቱ መዝጊያ ቲያትር የሚበራና ድምፅ የሚያሰማ ጎራዴ ለመሥራት ትፈልጋለች። ከቆራሌው ላይ የተሰበረ መጫወቻና የማይሠራ ራዲዮ ገዝታ፣ በካቻቪቴ ፈታ፣ ሽቦውንና ስፒከሩን ለይታ በካርቶን አስቀምጣለች። እናትዮዋን ግን ሁለት ነገር አስጨንቋቸዋል። አንደኛ፣ ቤታቸው አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን ገና የሚድህ ሕፃን አለበት። ሁለተኛ፣ አንዲት ትልቅ ዘመዳቸው «ካውያ መያዝ የሴት ልጅ ሥራ አይደለም፤ ዕቃውን ለወንድሟ ስጪው» ብለው ገሥጸዋቸዋል። «ልከልክላት ወይስ ልተዋት?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልሳችን ባጭሩ፦ አይከልክሏት፤ ብቻዋንም አይተዋት የሚል ነው።

በመጀመሪያ የዘመዳቸውን አስተያየት እንመልከት። የተቃጠለ ፊውዝ ለማስቀየር ጎረቤት የምንጠራ፣ የላላ የምድጃ ገመድ ለማስጠበቅ ባል እስኪመጣ የምንጠብቅ ሴቶች ጥቂት አይደለንም። ይህ የደረሰብን እጃችን ስለማይችል አይደለም፤ በልጅነታችን ፒንሳና ካቻቪቴ ከእጃችን ላይ ተወስዶ ለወንድሞቻችን ስለተሰጠ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ክር የምታሳልፍ፣ ጥልፍ ቆጥራ የምትጠልፍ ልጅ ቀጭን ሽቦ ከቀጭን ሽቦ ጋር ለማያያዝ የሚያንሳት ነገር የለም። ወንድሟ ሊረዳት ይችላል፤ ሐሳቡና ሥራው ግን የእርሷ ነው።

የሚበራው ጎራዴ ከየት መጣ ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 «ስታር ዋርስ» በሚባለው የአሜሪካ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ ነው በዓለም የታወቀው። የሚያስገርመው፣ ያ ጎራዴ የተሠራው ከአሮጌ ዕቃ ነበር። እጀታው በለንደን አንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መደብር ውስጥ የተገኘ የድሮ ካሜራ ብልጭታ መያዣ ነው። ድምፁንም ቤን በርት የተባለው የድምፅ ባለሙያ ያገኘው ከፊልም ማሳያ መኪና ሞተር ጉምጉምታና ከቴሌቪዥን እዝዝታ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ በስፒከር አሰማ፤ ከዚያም ማይክሮፎን ይዞ በስፒከሩ ፊት ሲያወናጭፈው ጎራዴው ሲሰነዘር የምንሰማው ድምፅ ተገኘ። ስለዚህ የእኛይቱ ልጅ በምናለሽ ተራ ዕቃ ሥራዋን መጀመሯ የሚያሳፍር አይደለም። ቆራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበው ብረት፣ ጠርሙስና የተበላሸ ዕቃ በመርካቶ ምናለሽ ተራ እንደገና ሥራ ላይ የሚውል ዕቃ እንደሚሆን የሰባተኛ ሰው በየቀኑ የሚያየው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ለእጀታው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በሰጌቶ ይቆረጣል። ለጎራዴው አካል ደግሞ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ይፈለጋል። በውስጡ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይገባል። በዘንጉ ላይ ኤል ኢ ዲ የሚባሉ ትናንሽ አምፖሎች 10 ያህል፣ በየ7 ሳንቲ ሜትሩ፣ ፊታቸውን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አድርገው ይታሰራሉ። በዘንጉና በቱቦው መካከል ስስ ነጭ ወረቀት ቢጠቀለል ብርሃኑ ሳይቆራረጥ ይሰራጫል።

ለኃይል ምንጭነት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ሦስት ይበቃል፤ ሲደመር 4.5 ቮልት ይሆናል። ኤል ኢ ዲ በቀጥታ ከድንጋዩ ጋር ቢያያዝ ከሚችለው በላይ ኃይል ስቦ ስለሚቃጠል፣ ኃይሉን የሚቆጥብለት ሬዚስተር ያስፈልገዋል። ልክ የሚገኘው ልጆች በፊዚክስ ትምህርት በሚማሩት የኦም ሕግ ነው። ቀይ ኤል ኢ ዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል። ከ4.5 ቮልት 2 ሲቀነስ 2.5 ይቀራል። ይህ ለ0.02 አምፒር ሲካፈል 125 ኦም ይሰጣል። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው ተቀራራቢ ልክ 150 ኦም ስለሆነ እርሱን መጠቀም ነው። ነጭና ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ 3 ቮልት ያህል ስለሚወስዱ 100 ኦም ይበቃቸዋል። ለእያንዳንዱ ኤል ኢ ዲ የራሱ ሬዚስተር ይደረግለት፤ ለሁሉም አንድ ብቻ ከሆነ አንዱ ከሌላው የበለጠ እየሳበ ይበላሻል። የኤል ኢ ዲ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ተገልብጦ ከተያያዘ አይበራም።

ለድምፁ ከተሰበረ መጫወቻ የወጣ ድምፅ ማሰሚያ ሰሌዳ ከነስፒከሩ ጥሩ መነሻ ነው። አስቀድማ ግን መጫወቻው በስንት ድንጋይ ይሠራ እንደነበር ትመልከት። ሦስት ከነበረ ያው 4.5 ቮልት ስለሆነ ይስማማል፤ ሁለት ብቻ ከነበረ 3 ቮልት ነውና ከሦስቱ ድንጋይ ጋር ማያያዝ የለባትም። ጎራዴው ሲወዛወዝ ድምፅ እንዲሰጥ ከፈለገች፣ በመጫወቻው ቁልፍ ፈንታ ከአሮጌ እስክሪብቶ የወጣ ሞላ ታድርግ። በሞላው መሐል ሳይነካው የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ ጎራዴው ሲሰነዘር ሞላው ሽቦውን ስለሚነካ ቁልፍ እንደተጫነ ይቆጠራል። እንቅስቃሴን በሴንሰር የሚለኩና ድምፅ ከሚሞሪ ካርድ የሚያነቡ ሰሌዳዎች አሉ፤ እነርሱ ግን ለሁለተኛው ጎራዴ ይቆዩ። ስፒከሩ በእጀታው ጫፍ ቀዳዳዎች ባሉት ክዳን ሥር ጥብቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የፊቱና የጀርባው አየር ከተገናኘ ድምፁ ይሞታል።

ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ብዙ ድካም ያድናል። በመጀመሪያ ሥራው በወረቀት ይሣላል። ቀጥሎ ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዘው በናስትሮ ተይዘው ይሞከራሉ። ሁሉም መብራቱና መጮሁ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ በካውያ ይበየዳል። እጀታው ውስጥ የሚከተተው በመጨረሻ ነው። መብራቱና ድምፁ የየራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ ቢኖራቸው ስሕተት ሲፈጠር ከወዴት እንደሆነ በቶሎ ይታወቃል።

ውድ እናቶች፣ ከዚህ በታች ያለውን ግን በጥሞና እንድታነቡት አደራ እንላለን። ጉዳት የሚመጣው ከእነዚህ ነውና።

በየቢሮው ጣሪያ የሚሰቀለው ረጅም የመስታወት አምፖል፣ ፍሎረሰንት የሚባለው፣ ቅርጹ ጎራዴ ስለሚመስል ልጆች ይወዱታል። በውስጡ ግን መርዛማ የሆነ ሜርኩሪ አለ፤ ሲሰበርም መስታወቱ ዓይን ያጠፋል። ለጨዋታ ፈጽሞ አይሁን።

የአሮጌ ሞባይልና የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም የሚባል ነው። ዕድሜውና ጉዳቱ የማይታወቅ ሊቲየም ባትሪ ሲበሳ፣ ሲታጠፍ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ሲገናኙ በድንገት ሊቀጣጠል ይችላል። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይህ ማለት ቤተ ሰቡን በሙሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ ተራው የባትሪ ድንጋይ ይሻላል።

እንደ አዝራር ጠፍጣፋ የሆነው የሰዓት ባትሪ ደግሞ ለሚድህ ሕፃን እጅግ አደገኛ ነው። ሕፃን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። እንደዋጠ ከተጠረጠረ ለማስመለስ ሳይሞከር ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ከተሰበሩ መጫወቻዎች ውስጥ ይህ ባትሪ ሲገኝ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ለብየዳ የሚያገለግለው ቀጭን ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም ጎጂ ነው። እርሳስ የሌለበት ከተገኘ እርሱ ይመረጣል። የብየዳው ጭስም ሳንባን ስለሚቆጣ አስም ያለበት ሰው ሊርቅ ይገባል።

የአሮጌ ቴሌቪዥን ሆድ አይከፈት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ኃይል ሊቀር ይችላል። ጎራዴውም ሆነ ሰሌዳው ከግድግዳ ሶኬት ጋር በምንም ዓይነት አይያያዝ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ለሆነ እናቶች የምንመክረው የሚከተለውን ነው። ብየዳው በረንዳ ላይ ወይም በግቢ፣ በቀን ብርሃን፣ አዋቂ ባለበት ይሁን። ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው። ሥራው ለምግብ በማያገለግል አሮጌ ትሪ ላይ ይሠራ፤ የወደቀ ብሎንና የሽቦ ቁራጭ ከትሪው አይወጣምና። ልጅቷ ከመጀመሯ በፊት ዕቃዎቹን ትቁጠር፤ ስትጨርስም እንደገና ትቁጠር። ቁጥሩ ካልሞላ የጎደለው ሳይገኝ ሕፃኑ መሬት አይወርድም። ጸጉሯን ትሰር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ታድርግ፣ ካውያውን ተነቅሎ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ትጠብቀው። እጇን በሳሙና ሳትታጠብ እንጀራ አትንካ።

ጎራዴው ሲያልቅም ደንብ ይኑረው። የቲያትር ዕቃ ለማሳየት እንጂ ለመደባደብ አይደለም፤ ወደ ፊት የሚመታ፣ ራስና ዓይን የሚፈልግ ምት ክልክል ይሁን። ወደ ትምህርት ቤት ስትወስደውም በጨርቅ ጠቅልላ በቦርሳ ትያዘው። በመርካቶ ግፊያ መሐል ጎራዴ የሚመስል ነገር መምዘዝ ሰው ያስደነግጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጊዜ እንደሚወስድ እናውቃለን። ከገበያ ደክማ የገባች እናት አንድ ሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሽቦ ሥራ መጠበቅ ቀላል አይሆንላትም። ይሁን እንጂ የተከለከለች ልጅ ሥራውን አትተውም፤ እናቷ በሌለችበት ሰዓት፣ በተዘጋ ክፍል፣ ከሕፃኑ አጠገብ ትሠራዋለች። ስለሆነም በሳምንት አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ይመደብ። እርስዎም ቡናዎን እዚያው ራቅ ብለው ያፍሉ፤ ሬዚስተሩን እንዴት እንዳሰላችው ይጠይቋት፤ እርሷም ታስረዳዎታለች።